ጽዋችንን ፍለጋ ወደ ቦሌ ሚካኤል

መንዝ ሞላሌ ተቀምጦ አዲስ አበባን የሚያስብ ሰው ከተማዋን እንደ አንድ ትልቅ ገበያ አድርጎ ይስላታል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሄጄ ያየሁት ግን ከሁሉ ይልቅ ላምና ጎመን ነው። ስለ ፎቅና ስለ መብራት ለመስማት የተቀመጠ ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። የምጽፈው ከጣርማ በር ወዲያ ሄደው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይሄዱ ሰዎች ነውና ያየሁትን በሄድኩበት ቅደም ተከተል እነግራለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርም።

የሄድኩበትን ምክንያት ላስቀድም። በሞላሌ የምንጠጣው የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዷ ቤት እንሰበሰባለን። ተራ የደረሳት ሴት የማኅበሩን ጽዋ፣ ያችን ጥቁር የሸክላ እንስራ፣ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ወር ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ታበላናለች፤ ከዚያ ለሌላዋ ታስረክባለች። የተቀበለች ሴት ሳታበላ ጽዋው ከእጇ አይወጣም። ሕጋችን ይህ ነው።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጽዋውን የተቀበለችው አስካለ ነበረች፤ አብሮ አደጌ ናት። ወሩ ሳይሞላ ታመመች። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በመካኒክነት የሚሠራው ልጇ መጥቶ ወሰዳት፤ ጽዋውም አብሯት ሄደ። ድና ልትመለስ ነው ብለን ጠበቅን። እዚያው ቀረች የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማኅበራችን አልተሰበሰበም። ጽዋው የለ፣ በምን እንሰብሰብ? ይባስ ብሎ ሁለቱ አንጋፋዎቻችን ብዙነሽና የትምወርቅ ተጣሉ። «ተራው ያንቺ ነበር፤ ቤቴ ያፈሳል ብለሽ ለአስካለ አሳለፍሽው። ማኅበሩን የበተንሽው አንቺ ነሽ» አለች ብዙነሽ። የትምወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደጀ ሰላም እንኳ ሲተላለፉ ፊት ይዟዟራሉ። በዚሁ ከቀጠለ ማኅበሩ መሞቱ ነው።

እኔ የማኅበሩ ሙሴ ነኝ፤ ሙሴ የምንለው መሪውን ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ አሉ፤ የተመረጥኩት በማንበቤ ነው። ማንበብ የተማርኩት ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሽበት ካበቀልኩ በኋላ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ከልጅነቴ በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ በግእዝ እንደ ዜማ እለው ነበር። ትርጉሙን በአማርኛ ያነበብኩ ቀን ለዓመታት ድምፁን ብቻ የማውቀውን ሰው ፊቱን ያየሁ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል በቃል ካልመረመርኩ አላምንም። ሴቶቹ «ጽጌ እግዜርንም ሳታርም አትቀርም» ይሉኛል።

«ሂጂና ጽዋውን አምጪልን» አሉኝ። ሄድኩ።

ኅዳር አሥራ ሰባት

የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ለአስካለ የማደርስላትን የመንዝ ባና ተሸክሜ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ስንቄ በሶ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ዶሮዎቹን ከእግሬ ሥር አደረጋቸው። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ሁላችንም ዝም አልን፤ ዶሮዎቹም ዝም አሉ። ጉሙ ሲገለጥ ቁልቁል ሳይ በሶዬ የለም። ሰው ሲፈራ እነሱ የኔን ቋጠሮ ፈተው ኖሯል።

ደብረ ብርሃን አደርን። ምሳም እራትም አንድ ላይ የበላሁት አልጋ የተከራየሁባት ሴት ዘንድ ነው። ሽሮውን ስታቀርብልኝ «ቅቤ የለውም?» አልኳት። «የለውም።» አንድ ጉርሻ አነሣሁና እንደገና «እርግጠኛ ነሽ?» ስላት ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«እትዬ፣ በዚህ ዘመን ቅቤ ባገኝ ለርስዎ እሰጣለሁ? ተደብቄ ራሴን እቀባው ነበር እንጂ!»

አልጋው ንጹሕ ነበር። ብርዱ እንደ አገራችን ነው፤ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን ከቆላ የመጣሁ ይመስል የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ። ባና እንዳለኝ ብነግራት «እሱ የሰው አደራ ነው፤ አይለበስም» አለችኝ። ይህን እኔ ልላት ይገባኝ ነበር።

ኅዳር አሥራ ስምንት

ከሸኖ በኋላ አገሩ ይዘረጋል። እኛ ዘንድ ሜዳ የምንለው እዚያ ቢሄድ ደጃፍ ነው። ኮተቤ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አስካለ ሚካኤል አጠገብ ትኖራለች ብለውኝ ነበርና ወደ ከተማው ስንገባ ለረዳቱ «ሚካኤል አውርደኝ» አልኩት። «እሺ እናቴ» ብሎ አወረደኝ፤ በጣቱም አሳየኝ። ሄጄ ተሳለምኩ፤ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ «የሞላሌዋን አስካለን ታውቋታላችሁ?» እላለሁ። ሞላሌ ቢሆን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው እቤት ድረስ ይደርሳል። እዚህ ሁሉም በርኅራኄ እያየኝ ያልፋል። በመጨረሻ ደጃፍ ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት አስቀመጠችኝ።

«ልጇ የት ነው የሚሠራ አሉኝ?»

«አውሮፕላን።»

«ይህ እኮ የካ ሚካኤል ነው። የርስዎ ቦሌ ሚካኤል ነው።»

«ስንት ሚካኤል ነው ያለው እዚህ አገር?»

«መልአኩማ አንድ ነው፤ ደብሩ ነው የበዛው» አለች።

ከተሜ ሰላምታ አያውቅም ብለው ነበር የላኩኝ። ይህች ሴት ጧፏን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ቆሎ በእጄ አስጨብጣ ታክሲ ድረስ አደረሰችኝ። ውይይት ይሉታል፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ስሙን ያወጣለት ሰው ተሳፍሮ አይቶ መሆን አለበት፤ አንዱ ስለ ስኳር ሰልፍ ሲጀምር እስክንወርድ ድረስ ሁላችንም ገባንበት። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወርጄ የቀረውን እየጠየቅኩ በእግሬ ሄድኩ። የቦሌን አስፋልት ተሻግሬ ወደ ታች ስወርድ ከተማው አለቀ ስል መንደር፣ መንደር አለቀ ስል የጤፍ ማሳ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስካለን ከነመቀነቷ ደጃፏ ላይ አገኘኋት።

ተላቀስን፤ ተሳሳቅን። ባናውን ስሰጣት ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው።

«ውይ፣ የበግ ሽታ! ግን ጽጌ፣ ቦሌ ላይ ይህን ለብሼ ብተኛ ሲነጋ ዳቦ ሆኜ ነው የምነሣ።»

እውነቷን ነው፤ አገሩ ይሞቃል። ገና ተቀምጬ እግሬን ሳልዘረጋ ሰማይ የተቀደደ የሚመስል ድምፅ መጣና መሬት ላይ ተደፋሁ። በኛ ሰማይ የሚያልፈው ጆፌ አሞራ ነው።

«አትፍሪ፣ አውሮፕላን ነው» አለች አስካለ። «ምናልባትም የኔ ልጅ የጠገነው ነው።»

«እሱማ ከሆነ ይፍሩ» አለ ልጇ ከጓዳ።

ከእራት በኋላ የመጣሁበትን ተናገርኩ። አስካለ ቀና አላለችም።

«ጽዋው እኔ ጋ የለም» አለች።

«የት ሄደ?»

«አስቢው እስቲ። ታምሜ ነው የመጣሁ። ተቀብያለሁ፤ አላበላሁም። ሳላበላ ብሞት ለእመቤቴ ምን እላታለሁ? አውቶቡስ ላይ በጭኔ ይዤው መጣሁ። ሃያ አንድ ሲደርስ ጠመቅኩ፤ ደፋሁ፤ ቁጭ ብዬ በሩን አየሁ። ከሞላሌ ማን ይመጣል? ወጥቼ ደጃፍ ላይ ያለፈውን ሁሉ ጠራሁ። መጀመሪያ የገባችው ወተት የምትሸጠው ጫልቱ ናት። ‹ምንድነው?› አለች። ‹የማርያም ነው› አልኳት። ‹እኔም የማርያም ነኝ› ብላ ተቀመጠች። ሲያልቅ ማን ይቀበላል ብዬ እንደ ወጉ ጠየቅኩ፤ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ከቤት ቤት እየዞረ ነው።»

«ጽዋው እኮ የሞላሌ ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

«ማርያምስ የየት ናት?» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ

አሁን ጽዋው ያለበት ቤት ወሰደችኝ። ባለቤቷ ትሩወርቅ ትባላለች፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ናት፤ የምታጠባ ልጅ ታቅፋ ተቀበለችን። ሊቀመንበር ቤት ጽዋ መኖሩ ገርሞኝ ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው የአብዮት በዓል ሥዕል ጀርባ እጇን ሰዳ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አወረደች። ጨርቁን ስትገልጠው ከንፈሩ ላይ ያለችውን ስብራት አየሁ። የየትምወርቅ ሠርግ ጊዜ የተሰበረችው ናት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ሳምኩት።

ትሩወርቅ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረች።

«ይውሰዱት፣ እትዬ ጽጌ። እኔ የማበላ አልመሰለኝም።»

አስካለ በክርኗ ጎሰመችኝ። በእርግጥ ለመሄድ የቀረኝ ብድግ ማለት ብቻ ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ለሃያ አንድ እደርስ ነበር። አፌ ግን ያወጣው ሌላ ነው።

«ተቀብለሻል፤ አላበላሽም። ሳታበይ ከእጅሽ አልወስድም።»

«ጽጌ!» አለች አስካለ። «በእጅሽ ገባልሽ እኮ!»

«ሕጉን እኔው ነኝ የማነብላቸው። አፍርሼው ብመለስ ምን ይዤ ነው የምመለሰው?»

ትሩወርቅ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችና የሆነውን ነገረችን። የሃያ አንዱ ድግስ በጾም ስለሚውል ከቤቷ ጀርባ በገዛ እጇ ጎመን ተክላ፣ ከቦኖ ውሃ እየቀዳች አሳደገችው። አንድ ጠዋት ስትነሣ የጫልቱ ላም መሐሉ ላይ ቆማለች። የቀረው ሥሩ ብቻ ነው። የቀበሌው ጥበቃ ላሟን ወስዶ ግቢ ውስጥ እስከ ማታ አሰራት።

«ጫልቱ መጥታ ሰደበችኝ። በኦሮምኛ ነው የሰደበችኝ፤ ምን እንዳለችኝ እንኳ አላውቅም። የበለጠ የሚያናድደኝ እሱ ነው። በአማርኛ ብትሰድበኝ መልሼ ይወጣልኝ ነበር።»

«አሁን አትነጋገሩም?»

«አንነጋገርም። እሷ ካለች እኔ አልቀመጥም፤ እኔ ካለሁ እሷ አትመጣም። በናንተ ዘንድ የተጣላ ሰው ጽዋ ይጠጣል?»

አስካለ በዓይኗ ለመነችኝ። እዚያ ሰፈር እንዲያው በይለፍ ይጠጡ ኖሯል፤ የተጣሉት ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ እንጂ። እኔ ግን የማውቀውን ተናገርኩ። መባውን ይዞ መሠዊያው ዘንድ የደረሰ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስብ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታ አስተምሯል። ጽዋ ቁርባን አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

«እንግዲያው ሃያ አንድ የለም» አለች ትሩወርቅ።

ልንወጣ ስንል ሊቀመንበሩ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽዋ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እኔ በሃያ አንድ ስብሰባ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ የሚሆነውን አላየሁም» አለ። ትንሽ አሰበና «ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ግን ንገሩኝ፤ ርቦኝ ነው የምመጣው» አለ።

ኅዳር ሃያ

አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄድን። አዴ የሚሏት ለአክብሮት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ፣ ከማሳው ጫፍ ላይ ነው። ማሳው ድሮ ሰፊ እንደነበር በእጇ አሳየችኝ፤ እጇ የሄደችበት ቦታ አሁን ቪላ ነው። ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ። እንደኛው የገብስ ቂጣ ነበርና ሁለቴ ሳትለምነኝ ጨረስኩት።

«ስለ ላሟ ነው የመጣሽው» አለች።

«ስለ ላሟ ነው።»

«ላም ምን ታውቃለች? ጾም አታውቅም፤ ቀበሌ አታውቅም። ሰው ነው የሚያውቀው! አሥረው አዋሏት። ጡቷ አብጦ መሬት ሊነካ ደረሰ። ጥጃዋ እዚህ ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ ጮኸ። ጆሮዬን ይዤ ነው የዋልኩት። ለጥጃ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?»

«ትሩወርቅ ይህን ታውቃለች?»

«ማን ነግሯት!»

እኔ ደግሞ የጎመኑን ነገርኳት፤ ለሃያ አንዱ ድግስ በእጇ የተከለችው መሆኑን። አዴ ጫልቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለማርያም ነው?»

«ለማርያም።»

«እኔ እኮ ለባሏ ነው ብዬ ነበር!» አለች። አስካለ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሩ የቀለለ መሰለኝና ቸኮልኩ። «በአገራችን የበደለ ሰው በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳይም ያወርድለታል» አልኩ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ላሜ ታስራ፣ ድንጋይ ደግሞ እኔ?» ብላ ተነሣች፤ የወተት ቅሏን ይዛ ወደ ላሟ ሄደች። አልተመለሰችም።

በመንገድ አስካለ ቀድማኝ ሄደች። ከመጽሐፍ ያገኘሁትንና ከወግ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሴትየዋ ላይ አፈሰስኩት፤ እሷ ገና ስለ ጥጃው እየነገረችኝ ነበር። በመመለሻችን ትሩወርቅ ደጃፍ ላይ ቆም አልንና የጥጃውን ነገር ብቻ ነገርኳት፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ትሩወርቅ ልጇን እያጠባች ነበር። ቁልቁል አየችው።

ኅዳር ሃያ አንድ

በጠዋት ቦሌ ሚካኤል ቅዳሴ ቆምን። በኛ ደብር ቅዳሴው መሐል የሚሰማው ንፋስ ነው፤ እዚህ በየመሐሉ አውሮፕላን ያልፋል፤ ካህኑ ግን ድምፁን ከፍ ዝቅ አያደርግም። ለምደውታል።

ትሩወርቅ ቤት ስንገባ ተደግሷል። ምስር፣ ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ፤ ጎመን ብቻ የለም። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። የነፍስ አባታቸው አባ መሐል ላይ ሆነው ጸሎት አደረሱና ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳችን የዚህ ጽዋ ሙሴ ናት፤ ወጉን እሷ ታድርስ» አሉ።

ተነሣሁ። «የተጣላ አለ?» አልኩ።

ከቤቱ ባለቤት መልስ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። «እኔ አለሁ» አለች ትሩወርቅ።

ጽዋው ተከድኖ ቁጭ ብሏል። አንዷ ወፍራም ሴት ከጥግ ሆና «ኧረ ጠላው አረፋው ጠፋ!» ብላ አጉረመረመች፤ ሌላዋ ቆነጠጠቻት። ዳቦው አይቆረስ፣ ሰው አይነሣ። ያን ያህል ርቀት መጥቼ የሰው ድግስ ያበላሸሁ ሆኖ ተሰማኝ፤ ሆኖም አሁን ቢጠይቁኝ ያንኑ ነበር የምደግመው። አባ ብቻ ምንም ያልሆነ ይመስል መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ አልተንኳኳም፤ ተገፍቶ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ጎመን ነው። ከነአፈሩ የተነቀለ፣ በገመድ የታሰረ የጎመን ሸክም፤ ከሥሩ አዴ ጫልቱ አጎንብሳለች። ከላይ ውሃ፣ ከታች ጭቃ እየተንጠባጠበ የትሩወርቅን ሰሌን አቋርጣ መሐል ላይ ቆመች።

«ድንጋይ አልሸከምም ብያለሁ» አለች ከሸክሙ ሥር። «ድንጋይ ምን ይሆናል? አይበላ! የበላሁትን ነው ተሸክሜ የመጣሁት።»

«የበላችውማ ላሟ ናት» አለች ያች ወፍራም ሴት።

«ላሟ የኔ አይደለችም?»

ትሩወርቅ ልጇን ለአስካለ አቀብላ ሮጠች። ሸክሙን በሁለት እጇ ከጫልቱ ጀርባ አወረደችው። ከዚያ ልብሷ እስኪበላሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እግሯን ልትስም ስትል፣ አዴ ጫልቱ ብብቷን ይዛ ወደ ላይ አነሣቻት።

«ተነሺ፣ ተነሺ! አራስ ነሽ፤ ወተትሽ ይደርቃል።»

«ጥጃውስ?» አለች ትሩወርቅ እያለቀሰች። «ጥጃው እንዴት ሆነ?»

«ጥጃው? ጠግቦ እኔን ሊወጋኝ ነው!»

ያኔ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። የበዓል ልብስ የለበሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ጎመን ሊቀነጥስ ተቀመጠ፤ አባም ቀነጠሱ። ተቀቅሎ እስኪደርስ ቀኑ ጋደለ። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ጨርሶ መጣና በጓዳ በር ብቅ አለ።

«እስካሁን አላለቀም እንዴ?»

«ያንተ ነው ያለቀው፤ የኛ ገና መጀመሩ ነው» አለችው ሚስቱ። ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ምንም ሳያይ፣ ሁለት ሳህን ጎመን በላ።

ጽዋው ዞረ። አዴ ጫልቱና ትሩወርቅ በአንድ ዋንጫ ጠጡ። ከዚያ የማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ። ትሩወርቅ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ተነጋግረው ኖሯል። ሁሉም ሴቶች መሬት መሬቱን ያያሉ። «ውሰጂው» አለች አዴ ጫልቱ።

እጄን ዘረጋሁ። ያች የከንፈሩ ስብራት ወደ እኔ ዞራለች። ብዙነሽና የትምወርቅ በዓይኔ መጡ። ባዶ እጄን ብገባ ምን ይሉኛል? ሕጉን ግን አላልፈውም፤ ሕጉ ደግሞ የተቀበለ ያበላል ነው።

«እኔ ከተቀበልኩ በሚቀጥለው ወር የማበላው እናንተን ነው» አልኩ። «ታኅሣሥ ሃያ አንድ ሞላሌ ትመጣላችሁ?»

ተያዩ።

«ላሜን ማን ያልባታል?» አለች አዴ ጫልቱ፤ ቤቱ ሳቀ።

«እንግዲያው መቀበል አልችልም። እዚህ የተጠመቀ፣ እዚህ የተበላ፣ እዚህ የታረቀ ጽዋ ነው። ለአዴ ስጫት።»

አዴ ጫልቱ አልጠበቀችም። የጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነጠላዋን ዘረጋች። ትሩወርቅም ከራሷ ደረት ወደ እሷ ደረት አሻገረችው። አስካለ አጠገቤ ሆና «ጽዋችሁን ይዤ የጠፋሁ እኔ አሁን ምን ብዬ ልናዘዝ?» እያለች አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ባዶ እጅሽን ግን አትሄጂም» አለችኝ አዴ ጫልቱ።

ኅዳር ሃያ ሁለት

ሾላ ገበያ ወሰዱኝ። አዴ ጫልቱ እንስራዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ መገጣጠሚያ እያንኳኳች ታዳምጣለች። «ይህ ደንቆሮ ነው። ይህም ደንቆሮ። ይህ ይናገራል።» የሚናገረውን ገዙልኝ፤ ከአሮጌው ጽዋ ያስቀሩትን ጠላ ሞሉበት፤ አባ ባረኩት። አፉን በጨርቅ አስረው በሊጥ መረጉት።

በአውቶቡስ እንደ አስካለ በጭኔ ይዤው ሄድኩ። ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ሊጡን አሸተተ።

«ምንድነው እናቴ?»

«የማርያም ጽዋ ነው።»

«ትንሽ አይቀመስም?»

«የተጣላኸው ሰው አለ?»

አሰበ። «አሥር አለቃዬ አለ።»

«እንግዲያው አይቀመስም» አልኩት። ባልደረቦቹ እስክናልፍ ድረስ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ማሳውን እያየሁ አሰብኩ። በጸሎተ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አንዲት ናት እንላለን። እኔ ያችን አንዲት ስል ዘመኔን ሁሉ በልቤ የማየው የሞላሌዋን አጥር ነበር። ንባቡን አውቄው ኖሯል፤ ስፋቱን ግን የነገሩኝ ጧፍ ሻጯና ወተት ሻጯ ናቸው። ደብረ ብርሃን ያች ባለ አልጋ ሴት አውቃኝ «ሽሮው ዛሬም ቅቤ የለውም» ብላ ከሩቅ ጮኸች። በማግስቱ ጣርማ በር ላይ መንገዱ አንገላታን፤ ሊጡ ተሰነጠቀና ጠላው እስከ ግማሽ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ሞላሌ የገባሁት እንደ ሰካራም ሸትቼ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ

የተቀበልኩ እኔ ነኝና ያበላሁት እኔ ነኝ። ያመጣሁትን ጠላ ከአዲሱ ጥምቅ ጋር ቀላቀልኩት። ሴቶቹ ሁሉ መጡ፤ ብዙነሽ ከበሩ አጠገብ፣ የትምወርቅ ከምሰሶው ጀርባ ተቀመጡ።

«ይህ የኛ አይደለም» አለች ብዙነሽ ጽዋውን አይታ።

እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎመኑ በር ገፍቶ ሲገባ ሳቁ፤ ጥጃው ሲጮኽ ዝም አሉ። ስጨርስ ተነሣሁና እንደ ወጉ ጠየቅኩ።

«የተጣላ አለ?»

ቆሜ ጠበቅኩ። አዴ ጫልቱ ዘንድ የተማርኩትን አልረሳሁም፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ያን ወር ቤቴ እውነትም ያፈስ ነበር» አለች የትምወርቅ ከምሰሶው ጀርባ። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ሰበብ አልነበረም። መደቡ ላይ ውሃ ቆሞ ነበር። ሰው ጠርቼ በዚያ ላይ ላስቀምጥ?»

ብዙነሽ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ስትፈትል ቆየች።

«አልነገርሽኝም» አለች።

«አልጠየቅሽኝም።»

ከውጭ ንፋሱ ይሰማል። ብዙነሽ ቀና አለች።

«አሁንስ ያፈሳል?»

«ያፈሳል።»

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አለች ብዙነሽ። «ሣር አለኝ።»

የጽዋውን ጨርቅ ገለጥኩት።